«እንዳያመልጥህ»፦ ስለ ሲኒማና ስለ ወዳጅ ምክር አጭር ታሪክ

ስለ ሲኒማ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አዘውትረው የሚነግሩን መሣሪያውን ማን እንደ ሠራው፣ ፊልሙን ማን እንዳነሣው፣ አዳራሹንም ማን እንዳሠራው ነው። እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ግን ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ሰው ለጓደኛው «ይህን ፊልም እይ» ወይም «ገንዘብህን አታባክን» ማለቱ በታሪክ ውስጥ ምን እንደ ሠራ መመርመር ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም አያሌ ፊልሞች የኖሩትም የሞቱትም በዚሁ ነው።

በ1888 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19 ቀን፣ ማለት ከዐድዋ ጦርነት ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ዲሴምበር 28 ቀን 1895)፣ በፓሪስ ከተማ ግራን ካፌ በሚባል ቡና ቤት፣ ከምድር በታች ባለ ክፍል ውስጥ፣ የሉሚየር ወንድማማቾች ፊልም ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ ታየ። መግቢያው 1 ፍራንክ ሲሆን ከፍለው የገቡት ሰዎች 33 ነበሩ። 10 አጫጭር ፊልሞች ታዩ፤ እያንዳንዱም አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የቤቱ ባለቤት ከገቢው ከመቶ 20 እጅ ይሁንልህ ቢባል እምቢ ብሎ በቀን 30 ፍራንክ ቁርጥ ኪራይ መረጠ። በመጀመሪያው ቀን ሒሳብ ከሄድን ሰውዬው ብልጥ ነበር፤ ከ33 ፍራንክ የእርሱ ድርሻ 7 ፍራንክ እንኳ አይደርስምና። ነገር ግን 33ቱ ተመልካቾች ወደየቤታቸው ሄደው ለወዳጅ ለዘመድ አወሩ፤ ያ የሰማው ደግሞ ሄዶ አይቶ ለሌላው አወራ፤ ጥቂት ሳምንታትም ሳይቆይ በቀን ከ2,000 በላይ ሰው በዚያው በር ይጋፋ ጀመር። ባለቤቱ ግን በየቀኑ 30 ፍራንኩን ይቀበል ነበር። የወሬን ኃይል በቁጥር ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ወሬ ሲተላለፍ ግን እንዳለ አይተላለፍም። ባቡር ወደ ጣቢያ ሲገባ የሚያሳየውን የሉሚየርን ፊልም ያዩ ሰዎች ባቡሩ የሚጨፈልቃቸው መስሏቸው ከአዳራሹ ሮጠው ወጡ የሚል ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት ይህን ይጠራጠሩታል፤ ያ ፊልም በመጀመሪያው ቀን ከታዩት ከ10ሩ መካከልም አልነበረም። እኛ ሲመስለን አንድ ሰው «ደነገጥሁ» ብሎ ለጓደኛው ነገረው፤ ጓደኛው «ሊሮጥ ነበር» አለ፤ ሦስተኛው «አዳራሹ ባዶ ቀረ» አለ። ይህን የሚያህል ማጋነን በትምህርት ቤታችን ግቢ በእረፍት ሰዓት ሲደረግ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ፊልም በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ገና በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቤተ መንግሥት ገብቷል። ለሕዝብ የሚሆን ሲኒማ ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው ግን ዘግይቶ በ1910ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ነው። ሕዝቡም ያን ቤት «የሰይጣን ቤት» አለው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥላ የመሰለ ሰው በግድግዳ ላይ ሲሄድ ሲስቅ ያየ ሰው ሌላ ስም ሊያወጣለት አይችልም ነበር ይባላል። በእኛ አስተያየት ይህ ስም በአዲስ አበባ ከተሰጡት የፊልም ሂሶች የመጀመሪያው ነው፤ ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ ምክሩም «አትሂድ» የሚል ነው። የሚያስቀው ነገር ግን ሰይጣን አለበት የተባለን ቤት ለማየት የማይጓጓ ጐረምሳ አለመኖሩ ነው። ጓደኛ «አትይ» ሲል አንዳንዴ «እይ» ከማለት ይብሳል።

በፋሺስት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች አዳራሾች ሠሩ፤ ነገር ግን የዘር ሕጋቸው ነጩና ጥቁሩ አብሮ እንዳይቀመጥ የሚከለክል ስለ ነበረ፣ ስለ ጓደኞች በምንጽፍበት በዚህ ጽሑፍ ስለ እርሱ ብዙ አንልም። ከነጻነት በኋላ «ሲኒማ ኢታሊያ» ስሙ ተለውጦ «ሲኒማ ኢትዮጵያ» ተባለ። በኢምፓየር፣ በኋላም በአምባሳደርና መርካቶ ውስጥ ባለው በራስ ቴአትር የፈረንጅም የህንድም ፊልም ይታይ ነበር።

የዚያን ዘመን ታሪክ ከአያቶቻችንና ከአጎቶቻችን ጠይቀን ስንሰማ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣል። የመግቢያ ዋጋ የሚያገኘው ከብዙ ልጆች መካከል አንዱ ነው፤ ስለዚህ ያ አንዱ ገብቶ ያይና ሌሎቹ ከእርሱ ይሰማሉ። ይህም ተራ ወሬ አልነበረም። ተራኪው ፈረሱን ይጋልባል፤ ሽጉጡን በጣቱ ይተኩሳል፤ የህንድ ፊልም ከሆነ ደግሞ ቋንቋውን ሳያውቅ ዘፈኑን ይዘፍናል፤ እናቲቱ የጠፋ ልጇን በአንገት ሐብሉ ለይታ ስታገኘው ሰሚው ሁሉ ያለቅሳል። የፊልሙ ጀግና በልጆች ቋንቋ «አክተሩ» ነው፤ «አክተር አይሞትም» የሚለውም ሕግ ከዚሁ የመጣ ነው። በመጨረሻው አክተሩ የሞተበት ፊልም ሲያጋጥም ተራኪው ችግር ላይ ይወድቃል፤ እውነቱን ቢናገር «አላየኸውም፤ ውሸትህን ነው» ይባላልና። አንዳንዱ ተራኪ ለጓደኞቹ ደስታ ሲል አክተሩን ከሞት አስነሥቶ ይልከው ነበር። በኋላ ሳንቲም አጠራቅሞ ፊልሙን ያየ ልጅ ሁለት ፊልም ያወቀ ያህል ነው፤ አንዱ የሰማው፣ አንዱ ያየው። ብዙዎቹ የሰሙት ይበልጥ ነበር ይላሉ።

ተለቪዥን በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ነው። ዕለቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ነበረ፤ ሥርጭቱም በመጀመሪያ ከአዲስ አበባ አያልፍም ነበር። በ1977 ዓ.ም. ቀለም ገባበት። ለረጅም ዘመን ጣቢያው አንድ ብቻ ስለ ነበረ «ምን እንይ» የሚለው ጥያቄ ብዙ ትርጉም አልነበረውም፤ ባለ ተለቪዥን ጎረቤት ቤት ገብቶ የመጣውን ማየት ነው። በማግሥቱ በመሥሪያ ቤትም በትምህርት ቤትም የሚወራው አንድ ነገር ስለ ሆነ ግን ክርክሩ የጋለ ነበር። ዛሬ በክፍላችን ካሉት ተማሪዎች ሁለቱ እንኳ ትናንት ማታ አንድ ነገር አላዩ ይሆናል። ይህን ስንጽፍ ጥቂት ቅናት እንደ ተሰማን አንደብቅም።

ከዚያ ቪዲዮ ቤት መጣ። በየከተማው በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ በመስኮቱ ላይ ጨርቅ ተጋርዶ፣ አንድ ተለቪዥንና አንድ የካሴት ማጫወቻ ይቀመጣል፤ የዕለቱ ፊልሞች ስም በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ስሙ በትክክል ስለማይጻፍ ሰው የሚገባው በሰሌዳው ሳይሆን ከውስጥ የሚወጣውን ጠይቆ ነው። «ድብድብ አለበት?» ይላል፤ «አለበት» ከተባለ ይከፍላል። በኋላም የውጭ ፊልም እያንዳንዱን ንግግር በአማርኛ እየተረኩ መቅዳት ተጀመረና «ትርጉም ፊልም» ተባለ። ፍላሽ ይዞ ሱቅ ሄዶ ፊልም ማስጫንም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ ባለሱቁ «ይህን ጫን፤ ካልወደድህ መልስልኝ» የሚል መካሪ ሆነ። የድሮው ተራኪ ልጅ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ለማለት ይቻላል።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» በሲኒማ ቤቶች በር ረጅም ሰልፍ አሰለፈ፤ ከእርሱም በኋላ በቪዲዮ የተነሡ አማርኛ ፊልሞች በዙ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ሰው «ያገራችን ፊልም ነው እንይለት» ማለት ጀመረ። ይህ ምክር ደግ ነው፤ ነገር ግን ሐቀኛ ጓደኛ «ያገራችን ነው» ካለ በኋላ «ጥሩ ነው ወይስ አይደለም» የሚለውንም መጨመር ነበረበት። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2009) በዋጋዱጉ ታላቁን የየኔንጋ ሽልማት ሲያገኝ ግን ሁለቱንም ባንድነት ለመናገር ተቻለ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ተለቪዥን የቱርክንና የሌላውን አገር ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር፣ ያገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ሥራችንን ይጎዳል ብለው ተቃወሙ። እናቶቻችን ደግሞ በየቤቱ ቡና ላይ ክፍሉ ያመለጣትን ጎረቤት ያስረዱ ነበር። በዚህ ጉዳይ የክበባችን አባሎች ሁለት ወገን ሆነን ተከራክረናል፤ እስካሁንም አልተስማማንም።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ወዳነሣሣን ነገር እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሠሩት ረጅም የታሪክ ፊልሞች የመጀመሪያው ነው የሚባለው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ገደማ የወጣ ሲሆን፣ አዘጋጁ ላምብሮስ ዮካሪስ የተባለ ግሪካዊ ነው። ርእሱ ራሱ ጥያቄ ስለ ሆነ ያየ ሰው «አባቷማ እገሌ ነው» ብሎ የጓደኛውን ደስታ ሳያበላሽ እንዴት እንደ ወጣ ይገርመናል። በየክፍሉ እየዞርን ስንጠይቅ ስሙን የሰሙ ጥቂት ተማሪዎች አገኘን፤ ያየ ግን አንድም አልተገኘም። በ1966 ዓ.ም. የወጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ም ከዚህ ብዙ የተሻለ ዕድል አላገኘም። ፊልም በቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ብቻ አይድንም፤ አንዱ ለሌላው «እንዳያመልጥህ» እያለ ካላሳለፈው ስሙ ብቻ ይቀራል፤ የእነዚህም ሰንሰለት ከወላጆቻችን ወደ እኛ ሲደርስ የተበጠሰ ይመስላል።

ስለዚህ በበዓሉ ዕለት ከሚመጡት እንግዶች፣ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች መካከል ይህን ፊልም በሲኒማ ቤት ያየ ካለ፣ የታሪክ ክበባችን ጠረጴዛ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ነው። ወንበርና ሻይ አዘጋጅተናል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርኩልን፤ አባቷ ማን እንደ ሆነ ግን በመጨረሻው ላይ ብቻ ይንገሩን።