የአራሽ በሬ መረቅ

በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ ሁለት ምግብ ቤቶች ለአንድ ሳንድዊች ባለቤትነት ሲሟገቱ ኖረዋል። ሁለቱም የተከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ሳንድዊቹ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ጥብስ በዳቦ ሆኖ፣ ከጥብሱ በወጣው ትኩስ መረቅ እየተነከረ የሚበላ ነው። የፈረንሳዩ ስደተኛ የፊሊፕ ማቲው ቤት ዳቦው በ1918 ገደማ ሳይታሰብ መጥበሻው ውስጥ ወደቀ ይላል፤ ሌላው የዚያው ቤት ወግ፣ ዳቦው የደረቀበት የእሳት አደጋ ሠራተኛ ስላማረረ ነው ይላል። ተፎካካሪው ኮልስ ደግሞ ድዱን ላመመው ደንበኛ ታስቦ ነው ባይ ነው። ባለቤትነቱን ትተን ወጎቹን ብንመረምር፣ የደረቀው ዳቦም ሆነ የታመመው ድድ ወደ አንድ ነገር ያመለክታሉ፦ መረቅ የሚፈለገው ማኘክ ሲያስቸግር ነው። እንዲህ ያለ ምግብ ከአንድ ሰው ብልሃት ይልቅ ከችግር ይወለዳል። ይህን ለማየት ተፍኪን ማጤን ይበቃል።

ተፍኪ ከሰበታ አልፎ በጅማ መንገድ ላይ፣ በበቾ ሜዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ሜዳው በጤፍና በሽምብራ የታወቀ ነው፤ አፈሩ ግን ዝናብ ሲመታው የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ ነው። ለጤፍ ደግሞ መሬቱ ደጋግሞ መታረስ አለበት። ስለዚህ በዚህ አገር በሬ ከሥጋነቱ በፊት ጉልበት ነው፤ ለዓመታት ቀንበር ተሸክሞ፣ ሲያረጅ ደልቦ ይሸጣል። የከብት ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ሥጋውን የሚያያይዘው ጅማት ይጠነክራል፤ ብዙ የሚሠሩት የእግርና የአንገት ጡንቻዎችም ከሁሉ ይብሳሉ። ይህን ጅማት የሚፈታው ለረጅም ሰዓት በውኃ መቀቀል ነው፤ ሲሟሟም መረቁን ያወፍረዋል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በዚህ አገር ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ድስቱ ከቆላው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበት ሲንተከተክ የሚቆየው ቅቅል፣ በመጨረሻም እንጀራ የሚፈተፈትበት ወይም ዳቦ የሚነከርበት መረቅ፣ የአራሹ በሬ ዕድሜ ውጤት ነው።

ታዲያ ያው በሬ ለቁርጥ ይቀርብ የለም ወይ? ይቀርባል። ነገር ግን ቁርጥ የሚወጣው ከሻኛው፣ ከሽንጡና ከመሰሉት ነው፤ ያውም በሬው እንደታረደ። ጅማት የበዛበት ሥጋና አጥንቱ ለድስት ይተርፋል። ቁርጥና ቅቅል አንዱን በሬ ተካፍለውታል እንጂ አልተቃረኑም። ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ቅቅል ለአራስ፣ ለታማሚና ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ የክብር ምግብ ሆኖ ሳለ እንዴት ከችግር ተወለደ ይባላል? ክብሩም ራሱ የመጣው ከሥጋው ብርቅነት ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ምእመኑ በዓመት 180 ቀን ገደማ ከሥጋ ይታቀባል፤ አራሽ በሬም ያለ ምክንያት አይታረድም። ብርቅ ሥጋ ሲገኝ አንድም አጥንት አይጣልም፣ ጠብታው እንኳ በእንጀራ ይጠረጋል። እንጀራ ሳንድዊች አይደለም የሚልም ይኖራል፤ እውነት ነው፣ እንጀራ ለስላሳ ስለሆነ ማለስለሻ አይሻም። በቅቅል የሚለሰልሰው ሥጋው፣ በሎስ አንጀለስ ደግሞ ዳቦው ነው፤ የተቸገረው ወገን ይለያይ እንጂ መድኃኒቱ ያው መረቅ ነው።

የምግብ ታሪካችን ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በቤተ መንግሥት ግብርና በታላላቅ ድግሶች ላይ ነው፤ እነሱ በጽሑፍ ስለቆዩልን። የድስቱ ታሪክ ግን ከአፈሩ፣ ከቀንበሩና ከጾሙ ይነበባል፤ ማስረጃውም ከሊቅ መጽሐፍ ይልቅ ከገበሬውና ከሥጋ ሻጩ ዘንድ ነው። የደለቡ ወጣት ከብቶች አራሹን በሬ በተኩ መጠን፣ ትራክተርም መረሬውን ባረሰ ቁጥር፣ የተፍኪ ቅቅል ግዴታ መሆኑ ይቀርና ምርጫ ይሆናል። ጣዕሙ ሊዘልቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ምክንያቱን ጽፎ ያቆየ ከሌለ፣ እኛም እንደ ሎስ አንጀለሶቹ የአንድ ፈጣሪ ስም ፍለጋ እንገባለን።