ከአንቴና ወደ ሲዲ

ቲቪ ካርድን የምታስታውሱ አላችሁ? ኮምፒውተር ውስጥ ይሰካል፣ የአንቴናው ገመድ ከጀርባ ይገባል፣ ከዚያ የሚታየውን መቅዳት ነው።

ጣጣው ቦታ ነበር። የቴሌቪዥን ምስል ሳይጨመቅ ቢቀዳ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፤ 700 ሜጋባይት የምትይዝ ሲዲ በ35 ሰከንድ ሙልት ትላለች! መላ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቪሲዲ ነው። ምስሉን ወደ 352 በ288 ነጥብ አሳንሶ፣ በኤምፔግ 1 ጨምቆ፣ በዚያችው ሲዲ 80 ደቂቃ አስገባ። ሰው ሲሮጥ ካሬ ካሬ ይሠራል፣ ግን ይታያል። 90 ደቂቃ ኳስ ሁለት ሲዲ ይፈልጋል (የሚጠፋው ደግሞ ሁሌም ሁለተኛው ነው)። በኋላ 4.7 ጊጋባይቱ ዲቪዲ ሲመጣ ተገላገልን።

እኔ ዘንድ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ የአቴንስ 10,000 ሜትር አለ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ የወጡበት። 27 ደቂቃ ስለሆነ አንድ ሲዲ በቃው። ሩጫውን ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ የምሳሳለት ለእኛው ጋዜጠኛ ድምፅ ነው፣ እየጮኸ ሲያስተላልፍ። ችግሩ፣ ቤት የተቀዳ ሲዲ ፋብሪካ እንደታተመው አይደለም። መረጃው የሚጻፍበት ስስ ቀለም በብርሃንና በሙቀት እየደበዘዘ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ወደ ሀርድ ዲስክ ላዛውረው ስል 19ኛው ደቂቃ ላይ ቀጥ አለ። ሌላ ማጫወቻ ተውሼ ልሞክር ነው። የዚያን ቀን የቀዳችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።