በአገልግሎት መማር፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር

የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞቻችን ተልዕኮ ሦስት ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። መማር ማስተማር፣ ጥናትና ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሦስተኛው በዓረፍተ ነገሩ ብቻ ሳይሆን በበጀቱም ላይ መጨረሻ እንደሚቀመጥ ለማወቅ የተቋማቱ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። ሕጉ ግን አልዘነጋውም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አገልግሎቱን ከተቋማቱ ዓላማዎች ጋር ቆጥረውታል። መምህሩም ለማዕረግ ዕድገት ሲወዳደር ነጥብ ያገኝበታል። ተማሪውስ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ እሱ ነው።

በቅድሚያ ሦስት የሚምታቱ ነገሮችን እንለይ። ተማሪዎች በክረምት ችግኝ ሲተክሉ፣ ደም ሲለግሱ፣ ለአቅመ ደካሞች ልብስ ሲያሰባስቡ የሚሠሩት በጎ ፈቃድ ነው፤ ይመሰገናል እንጂ ውጤት አይሰጥበትም። የመምህርነት ዕጩው ትምህርት ቤት፣ የጤና ተማሪው ሆስፒታል ሄዶ ሲሠራ ደግሞ የሙያ ልምምድ ነው፤ በዋነኛነት የሚጠቀመው ተማሪው ራሱ ነው። በአገልግሎት መማር የሚባለው ከሁለቱም ይለያል። ነዋሪው ቸገረኝ ያለውን ጉዳይ ተማሪው በትምህርቱ ይዞ ይሠራል፣ መምህሩ ይከታተለዋል፣ ውጤት ይሰጠዋል፣ የተሠራውም ወደ ነዋሪው ይመለሳል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ከቀሩት ከሁለቱ ወደ አንዱ ይወርዳል።

ነገሩ ከውጭ የመጣ አዲስ ፈሊጥ የሚመስላቸው አሉ። አሜሪካኖቹ ስሙን ያወጡለት በ1967 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1957 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ተማሪው ከሦስተኛ ዓመት በኋላ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ካላገለገለ ዲግሪ አያገኝም። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ናይጄሪያ ተመሳሳዩን ብሔራዊ አገልግሎት ያወጀችው በ1973 እ.ኤ.አ. መሆኑን ስናስብ እኛ ቀድመን ነበር ማለት ነው። ዴቪድና ፍራንሲስ ኮርተን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ፕሮግራሙ ጽፈው ለዓለም አስተዋውቀውታል።

የፕሮግራሙ ውጤት ሁለት ገጽታ ነበረው። የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህር አገኙ፤ የከተማው ልጅ ደግሞ ገባሩ እንዴት እንደሚኖር በዓይኑ አየ። ያየውን ይዞ ወደ ስድስት ኪሎ ሲመለስ ዝም አላለም፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን የታሪክ መጻሕፍት ይናገራሉ።

ደርግ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ያወጀው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። መሠረተ ትምህርት ተሰጠበት፣ የገበሬ ማኅበራት ተደራጁበት። ነገር ግን ዘመቻ ነበር። የዘመተው ወጣት ተማሪነቱ ቀርቶ የመንግሥት ክንድ ሆነ፤ ብዙዎቹም መንግሥት ካሰበላቸው ውጪ ሄደው ከእሱ ጋር ተጋጩ። ዛሬም "ተማሪዎችን ገጠር እናውርድ" ሲባል በሃምሳዎቹና ከዚያ በላይ ያለን ሰዎች ፊታችን የሚጨማደደው ወደን አይደለም።

ሠርቶ የቆየውን ምሳሌ የምናገኘው በጤናው ዘርፍ ነው። ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ትዝታ ገና አልደበዘዘም ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ልኮ ያሠለጥን ነበር። ጅማ በ1983 እ.ኤ.አ. የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ስትከፍት ይህንኑ አሰፋችው። የጅማ ተማሪ ከገባበት ዓመት ጀምሮ አንድ ማኅበረሰብ ይመደብለታል። መጀመሪያ ችግሩን ያጠናል፣ ቀጥሎ ያቅዳል፣ በኋላም ይተገብራል፣ ይመዝናል። ሁሉም በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ሰዓት ተቆርጦለት፣ ማርክ ተይዞለት ነው። ምስጢሩ በየዓመቱ ወደዚያው ቦታ መመለስ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ እንምጣ። ደብረ ብርሃን ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለችም። በንጉሡ ዘመን የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች መምህራን የሚሠለጥኑባት ከተማ ነበረች። የዛሬው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዩኒቨርሲቲም የአሥራት ወልደየስን የጤና ሳይንስ ካምፓስና የሐኪም ግዛው ማስተማሪያ ሆስፒታልን ይዟል።

ከከተማዋ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ነገሥታቱ የከተሙባት አንኮበር ትገኛለች። ከአንኮበር ደጋ ተነስቶ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ ሰው በአንድ ጉዞ ከገብስ ወደ ማሽላ፣ ከጋቢ ወደ ሽርጥ ይሸጋገራል። የሲራራ ነጋዴው ጥንታዊ መንገድ እዚህ ነው፤ የአርጎባ ሕዝብም እዚሁ ይኖራል። ለግብርና፣ ለጤና፣ ለታሪክ፣ ለሕግ ተማሪ ከዚህ የበለጠ መማሪያ ክፍል የት ይገኛል? ችግሩ 40 ኪሎ ሜትሯ ላይ ነው። መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል፣ ተቆጣጣሪ መምህር ያስፈልጋል። እነዚህ በዲፓርትመንቱ በጀት ላይ ካልሰፈሩ ተማሪው ከግቢው በእግር የሚደረስበትን ቀበሌ ብቻ ያጠናል። የዚያ ቀበሌ ነዋሪም በየዓመቱ መጠይቅ ሲሞላ ይኖራል፤ የጥናቱን ውጤት ያመጣለት ግን የለም።

ከሙያዬ አንፃር አንድ ምሳሌ ልጨምር። የደብረ ብርሃኑን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። የውርስ፣ የቀለብ፣ የመሬት ክርክር ያለበት ገበሬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ለራፖር ጸሐፊ ከመክፈሉ በፊት ተማሪው ያዳምጠዋል፣ ሕጉን ይመረምራል፣ በመምህሩ እየታየ አቤቱታ ያረቅለታል። ተማሪው ችሎት ቆሞ አይከራከርም፤ ፈቃድ የለውምና። ደንብ ቁጥር 57/1992 የፌዴራል ጠበቆችን በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ አስገድዶ ነበር፤ ጠበቃውንና ተማሪውን በአንድ መዝገብ ላይ ማገናኘት ሁለቱንም ይጠቅም ነበር። ሰሚስተሩ ሲያልቅስ? ፍርድ ቤቱ የመዝገቡን ቀጠሮ ሐምሌ ላይ ይዞ ተማሪው ሰኔ ላይ አገሩ ይገባል። የድጋፍ ማዕከሉ ቋሚ ሠራተኛ ከሌለው ገበሬው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ባለጉዳይ ደግሞ የይግባኝ ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል፤ ጭራሽ ባልተነካ ይሻለው ነበር።

ሌላው ዝም የተባለ ጉዳይ ተጠያቂነት ነው። ለአገልግሎት የወጣ ተማሪ መንገድ ላይ ቢጎዳ ማን ይክሰዋል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከለማማጅነት ውጪ ለትምህርትና ለሥልጠና የሚደረግን ውል ከተፈጻሚነቱ አውጥቶታል። ስለዚህ ተማሪው በሠራተኛ የጉዳት ካሳ ጥላ ሥር አይገባም። የሚቀረው ኮሌጁ በራሱ ሰነድ የሚገባው ግዴታ ነው፦ መድን፣ የትራንስፖርት ኃላፊነት፣ ከወረዳው ጋር የተፈረመ ስምምነት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተማሪን ወደ ገጠር መላክ የደኅንነት ውሳኔ ሆኗል፤ ውሳኔውን የፈረመው ሰውም መታወቅ አለበት።

መንገዱ ሲዘጋ ሥራው ይቆማል ማለት ግን አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ተፈናቃዮችን አስተናግዳለች፤ ቻይና ካምፕ የሚባለውን መጠለያ የማያውቅ የከተማዋ ነዋሪ የለም። የጠፋ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የተቋረጠ የልጅ ትምህርት፣ የተቋረጠ መድኃኒት፣ ያለ ካርታ የቀረ ቤትና መሬት፤ እያንዳንዱ የአንድ ትምህርት ክፍል የቤት ሥራ ሊሆን የሚችል ነው፤ ያውም ነዳጅ ሳይጠይቅ። እዚህም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። ከቤቱ ተባርሮ በመጣ ሰው ላይ መጠይቅ ይዞ መሰለፍ አገልግሎት አይባልም። ተፈናቃዩ እምቢ የማለት መብት እንዳለው፣ እምቢ ቢልም ዕርዳታው እንደማይቀርበት በቅድሚያ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ሊነገረው ይገባል።

አንድ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይም አለ። ሰሜን ሸዋ በልግ ይዘራል፤ የዩኒቨርሲቲው ካሌንደር ግን በልግን አያውቅም። ገበሬው ለስብሰባ ጊዜ የሚኖረው ተማሪው ፈተና ላይ ሲሆን፣ ተማሪው ነፃ የሚሆነው ገበሬው ሞፈር ሲጨብጥ ነው። የአንኮበር ወረዳና የዲፓርትመንቱ ኃላፊ መስከረም ላይ ቁጭ ብለው የዓመቱን ቀናት ቢያጣጥሙ ወጪው የሁለት ሰው የሻይ ሒሳብ ነው።