የቆርኪው ሰልፍ

ነርስነት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በተረኝነቴ ሌሊት፣ አንዲት እናት የ19 ዓመት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ሐኪሙ «ድምፅ ትሰማለህ?» አለው። «እሰማለሁ።» «የማንን?» «የአንተን።» ዶክተሩን አንተ ማለቱም ለብቻው እንደ ምልክት ተቆጠረበት። ኪሱ ቆርኪ ብቻ ነው፤ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ በየቀለሙ ይደረድራል። ካርዱ ላይ ስኪዞፍሬንያ ተጻፈ፣ ሃሎፐሪዶል ታዘዘ። እናቱ «ሲስተር፣ ይሄማ ከሕፃንነቱ ያለ ጠባዩ ነው» ሲሉኝ «አይዞዎት» ብዬ አለፍኳቸው።

ኦቲዝምን ስኪዞፍሬንያ የማለቱ ስህተት ከእኛ በፊት የነበረ ነው። ኦቲዝም የሚለውን ቃል ያወጣው የዙሪኩ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ የስኪዞፍሬንያ አንድ ምልክት ነበር፤ ሕመምተኛው ከሰው ሸሽቶ ወደ ውስጡ መግባቱ። በ1943 ባልቲሞር ይሠራ የነበረው ሊዮ ካነር ስለ 11 ልጆች ጻፈ፤ እነዚህ የሸሹ ሳይሆኑ ከመነሻው እንዲህ የሆኑ ናቸው አለ። እናትየውም ያሉኝ ይህንኑ ነበር! የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ግን በ1968ም እንዲህ ያሉትን ልጆች የሚያስቀምጠው ከልጅነት ስኪዞፍሬንያ ሥር ነበር። በ1971 እንግሊዝ ውስጥ እስራኤል ኮልቪን፣ ችግሩ ከ3 ዓመታቸው በፊት የታየባቸውን ከ5 ዓመት በኋላ ከታመሙት ጋር ሲያነጻጽር፣ የሌለ ድምፅ የሚሰሙት በአብዛኛው ኋለኞቹ ሆኑ። በ1980 መመሪያው ሁለቱን ለየ። ሲለይ ግን አጥር አጠረ፤ ቅዠትና የመሳሰለው ካለ ኦቲዝም አይባልም አለ። ኦቲዝም ያለበት ሰው አድጎ ሳይኮሲስ ቢይዘውስ የት ይግባ?

ልጁ ከ6 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። ቆርኪው በፌስታል፣ በእናቱ እጅ ነው። «ከጥምቀት ወዲህ አልነካውም» አሉኝ። የክፍሉን መስኮት በጋዜጣ ለጥፎታል፤ ሬዲዮኑን ፈታትቶ ውስጡ የሚናገረውን ሰውዬ ፈልጓል፤ እንጀራ አሽትቶ ይመልሳል። ተረኛው ሐኪም የቀድሞውን ካርድ ገልጦ «ያው ነው» አለ። ያው አልነበረም፤ ያን ጊዜ ያልታመመው ልጅ አሁን ታሟል። ጥያቄውን ለውጬ «ክፍልህ ውስጥ ብቻህን ሆነህ፣ ሬዲዮም ሳይከፈት፣ የሚናገርህ አለ?» አልኩት።

«አሉ። ሦስት ናቸው።»

«ምን ይላሉ?»

«ቆርኪውን አትንካ።»

ካርዱ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት የእናቱን ቃል ነው፦ ከጥምቀት ወዲህ። መድኃኒት በጀመረ በአራተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ዋርድ ስገባ፣ ብርድ ልብሱ ላይ ሁለት ቢጫ ቆርኪ ጎን ለጎን ተቀምጠው አየሁ።