የትራክተሩ ወንበር

የአገራችን የእርሻ ታሪክ ሲጻፍ የሚቆጠረው ሄክታርና ኩንታል ነው፤ ሲበዛ የትራክተሩ የፈረስ ጉልበት ይታከልበታል። ሾፌሩ የተቀመጠበትን ወንበር ያነሣ ጸሐፊ ግን አላጋጠመኝም። እኔም ብሆን፣ ባለፈው ክረምት አጎቴ በጨረታ የገዙትን የአሮጌ ቤላሩስ ትራክተር ወንበር ተሸክሜ ጅማ ወደሚገኝ የመኪና ወንበር አልባሽ ባልሄድ ኖሮ ነገሩን ባላሰብሁት ነበር።

አባቴ አብረውኝ ነበሩ። ያንን ትራክተር በአንድ የመንግሥት የቡና እርሻ ለዓመታት የነዱት እሳቸው ናቸው።

ባለሙያው ላዩን በምላጭ ሲቀድደው ወንበሩ እንደ ብራና መጽሐፍ በቅጠል በቅጠሉ ተገለጠ። ከላይ የተሰነጣጠቀ ፕላስቲክ፣ ከሥሩ የሸራ እራፊ፣ ቀጥሎ የተጣጠፈ የቡና ጆንያ፣ ከሁሉ በታች እንደ ዱቄት የደቀቀ የፋብሪካው ስፖንጅ።

ጅማ ዘመናዊ እርሻን በትምህርት ቤት የተዋወቀችው በ1945 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ እርዳታ የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ደግሞ ሰፋፊ እርሻዎች የመንግሥት ሆኑ፤ የአሜሪካው ወዳጅነት ወደ ሶቭየት ኅብረት ዞረ፤ የሚንስኩ ቤላሩስም ገባ። ቡና ጥላ ሥር የሚያድግ ቋሚ ተክል በመሆኑ ትራክተሩ በመካከሉ አያርስም፤ ተሳቢ እየጎተተ ቀይ እሸቱን ወደ ማጠቢያው፣ ለቃሚዎችን ወደ ማሳው ያመላልሳል። ሥራው ሁሉ መንገድ ነው፤ የሊሙንና የአጋሮን የክረምት መንገድ ደግሞ ያየ ያውቀዋል።

የቤላሩስ ወንበር ሥሩ ሞላ አለው፤ በሾፌሩ ክብደት ልክ ይስተካከላል። ስፖንጁ ሲያልቅና ሞላው ሲደክም ግን ንቅናቄው በቀጥታ ወደ አከርካሪ ይወጣል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ በ1984 ዓ.ም. ሶቭየት ኅብረት ፈረሰች። መለዋወጫ ሲጠፋ አባቴ ጆንያ አጣጥፈው ከሸራው ሥር አስገቡ። እኛ ልጆች የምናውቀው ማታ ማታ ወገባቸውን በሞቀ ጨው ሲያስይዙ ነበር።

ጅማ መቀመጫ የማታውቅ አገር አይደለችም። ጠራቢዎቿ ከአንድ ግንድ የሚያወጡት ባለሦስት እግር በርጩማ ስሟን ያስጠራ ነው። መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ የሚፈለፈለው ተቀማጩ ታስቦ ነው። ያ ዕውቀት ከትራክተሩ ጋር ሳይገናኝ ስንት ዘመን አለፈ!

የእኛ ባለሙያ ግን አሰበው። ለስላሳውን ስፖንጅ ትቶ ጠጠር ያለውን መረጠ፤ «ለስላሳው ሲቀመጡበት ይደላል፣ ሲነዱበት ብረት ይነካል» አለ። ቆርጦ አጣበቀ፤ በወፍራም ናይለን ክር ሰፋው። ከዚያም፣

«አባባ፣ እስቲ ይቀመጡበት» አለ።

አባቴ ተቀመጡ። ግራ ቀኝ ተወዛወዙ፤ እጃቸውን መሪ እንደሚይዝ ሰው ዘረጉ። ትራክተር መንዳት ከተዉ ቆይተዋል።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ዘገየ እንጂ።»

ጆንያውን ልጥለው ብድግ ስል እጄን ያዙኝ። አጣጥፈው በኪሳቸው ከተቱት። እኔም ከባንክ ወንበሬ ላይ ሆኜ ይህን ጻፍሁ፤ የዚያ ወንበር ታሪክ ከኪሳቸው ሌላ ማስቀመጫ ቢያገኝ ብዬ።