ትምባሆ ማጤስ በአፍላ ዕድሜ

በአፍላ ዕድሜ ትምባሆ ማጤስ፣ አካሉም አእምሮውም ገና በማደግ ላይ ያለ ወጣት፣ ባልንጀራን በመምሰልና ትልቅ ሰው ሆኖ ለመታየት በመሻት የሚጀምረው፣ ኋላ ግን ለመተው የሚቸግር ልማድ ነው። በቅጠሉ ያለው ኒኮቲን በጥቂት ሰከንዶች ከሳንባ ወደ አንጎል ደርሶ የደስታን ስሜት ስለሚቀሰቅስ፣ እስከ 25 ዓመት ገደማ ዕድገቱን የማይፈጽመው የወጣት አንጎል ከጎልማሳው ይልቅ ፈጥኖ ይገዛለታል። ከጢሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ስለሚነጥቅ ልብ ይደክማል፤ ጢሱ የሳንባንም ዕድገት ይገታል፤ ውሎ አድሮም የካንሰር መንሥኤ ይሆናል። በኢትዮጵያ ቀድሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በብርቱ ከልክለው ነበር፤ በዘመናችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው እንዳይሸጥ ደንግጓል።