ልጁ ከማን ጋር ይኑር? ከቁባ እስከ ሚዛን ተፈሪ



ኢማሙ ማሊክ በሙወጦእ ያስተላለፉት ታሪክ ነው። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ከአንሷር ሚስት አግብተው ዓሲም የተባለ ልጅ ከወለዱ በኋላ ተለያዩ። አንድ ቀን ወደ ቁባ ሲሄዱ ልጁን መስጂድ ግቢ ውስጥ ሲጫወት አገኙትና ክንዱን ይዘው ከፊታቸው ኮርቻ ላይ አስቀመጡት። የልጁ አያት ደርሳ አልሰጥም አለች። ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ) ዘንድ ቀረቡ፤ ሁለቱም ልጁ የእኔ ነው አሉ። ኸሊፋው ልጁን ለአያቱ ተዉላት ብለው ፈረዱ። ሰይዲና ዑመርም አንድ ቃል አልመለሱም።

ከዚያ በፊትም አንዲት እናት ባሏ ፈትቷት ልጇን ሊነጥቃት እንደሆነ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስትነግራቸው፣ ሌላ ባል እስካላገባች ድረስ ለልጁ ቅድሚያው የእሷ መሆኑን እንደነገሯት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ዑለማዎች የሐዷናን ሕግ የገነቡት በዚህ ላይ ነው። በሐነፊይ መዝሀብ ወንድ ልጅ እስከ 7 ዓመት ገደማ እናቱ ዘንድ ይቆያል። በሻፊዒይ መዝሀብ ልጁ ነገር መለየት ሲጀምር ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ይደረጋል። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፦ ልጁ እናቱ ጋር ቢያድግም ነፈቃው የአባት ነው። ጦላቅ ጋብቻን እንጂ አባትነትን አይፈታም።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1936 የወጣው የናኢባና የቃዲዎች ምክር ቤት አዋጅ ኒካሕን፣ ፍችን፣ ቀለብንና የልጆችን አሳዳጊነት ለቃዲዎች ሰጠ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ዝም ቢልም ቃዲዎቻችን መፍረዳቸውን አላቋረጡም። ያ ሕግ ራሱ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ 5 ዓመቱ እናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን ፈቀደ፤ አንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃኑን ጥቅም አስቀደመ። በ1992 በአዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሦስት ደረጃ ተደራጁ። ክልሎችም የየራሳቸውን ማቋቋም ይችላሉ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ «ፈቃድ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። በ1936ቱ አዋጅ ኒካሑ በሸሪዓ ከታሰረ ለፍችና ለልጅ ጉዳይ የተለየ ስምምነት አይጠየቅም ነበር። ዛሬ አንዱ ወገን ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ2000 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንዲት የአዲስ አበባ እህት ሳትስማማ በውርስ ጉዳይ የተሰጠባትን ፍርድ የሻረው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል መጥሪያ ደርሶት ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ አንዴ የመረጡትን ፍርድ ቤት መሀል ላይ መለወጥም አይቻልም። ስለዚህ መጥሪያ ኪስ ውስጥ ከትቶ ዝም ማለት አደጋ አለው።

ይህ ሁሉ ሚዛንና ቴፒ ላሉ ወጣቶች ምን ያደርጋል? እኛ ያለንበት የቡና አገር ከጅማ፣ ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌ የመጣ ሰው የሚኖርበት ነው። በበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ምክንያት የመጣውም ብዙ ነው። አያትና አጎት የሚኖሩት ሩቅ ነው። ፍች ሲመጣ አባት ለቡና ለቀማ እንደወጣ ይቀራል፣ ወይም ልጁን ሳይነገራት ከእናቱ አንስቶ አገር ቤት ይልካል። ኒካሑ በቃል ብቻ ከታሰረ፣ ጦላቁም በስልክ ከተነገረ፣ እናት በእጇ የምትይዘው ወረቀት የላትም። ለነፈቃ የምትከሰው ሰውዬም አድራሻው አይታወቅም።

እንግዲህ ኒካሕ ስታስሩ ጻፉ፣ አስመዝግቡ። መለያየት ግድ ከሆነ በሽማግሌ ፊት የተስማማችሁትን፣ የልጁን መኖሪያ፣ ወርኃዊ ነፈቃውን፣ አባት ልጁን የሚያይበትን ቀን በጽሑፍ አድርጉ። ካልተስማማችሁም ልጅ ከመንጠቅ በፊት ዳኛ ፊት ቅረቡ። ሰይዲና ዑመርን ያህል ሰው ለፍርድ ቀርቦ የተፈረደበትን ተቀብሏል። እኛ ከእሳቸው አንበልጥም።

አላህ ትዳራችንን ያጽናልን፣ ለልጆቻችንም ሐቃቸውን የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።